አይተው እንዳላዩ ያለፉት ክምር

እትዬ ምዕራፍ የስፌት ቤታችን አንባቢ ነበረች። «የስፌት ቤት አንባቢ የሚባል ሥራ ደግሞ የት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ነበረ። ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ፣ የሆስፒታል ጋውንና የተማሪ ዩኒፎርም በምንሰፋበት ረጅም ክፍል ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ጮክ ብላ የምታነብልን ሴት ነበረችን። አሁን ድምፅዋ አለ፤ እሷ የለችም። ሞታ አይደለም። በሕይወት ያለችን ሴት ከቦታዋ አንስቶ ድምፅዋን ብቻ ማስቀረት እንደሚቻል በዓይኔ አየሁ። ያደረጉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር።

ድሮ እንደማናችንም ሰፊ ነበረች። የጨርቅ ጠርዝ የሚቆልፈው ማሽን የሷ ነበር። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። አንድ ቀን የእንፋሎት ካውያው ቱቦ ፈንድቶ ቀኝ እጇን ቀቀለው። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቿ ግን አንታጠፍም አሉ። መርፌ የማይዝ እጅ ስፌት ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል? ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከታላቅ እህቷ ጋር በአንድ ክፍል ቤት ነው የምትኖረው፣ እህትየዋም ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። እጇ እንደታሰረ ወደኛ መጣች።

«ምነው፣ አርፈሽ አትተኚም?» አልናት።

«ቤት ውስጥ እህቴ ላይ ስጮህ ውዬ ጉሮሮዬ ነደደ፤ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ነው ቀኑን ሙሉ። ከጮህኩ አይቀር የሚሰማኝ ሰው ላይ ልጩህ ብዬ ነው» አለች።

ብብቷ ሥር መጽሐፍ ነበር። ቁልፍ የሚተክሉት ሴቶች ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። ያን ቀን የጀመረችው አልቆመም።

አሠራራችን ራሱ በሷ ምክንያት ተለወጠ። ልብስ ሲሰፋ የማሽን ሥራ አለው፣ የእጅ ሥራ አለው። ድሮ እንደመጣልን እናደባልቀው ነበር። እሷ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ግን ማንም ሳያዘን ጠዋት ጠዋቱን ማሽን እንነዳለን፤ ቁልፍ መትከሉን፣ መዘምዘሙን፣ የተንዘላዘለ ክር መቁረጡን ሁሉ ለከሰዓት እናጠራቅማለን። ከምሳ በኋላ ማሽኖቹ ዝም ይላሉ። ያ ክፍል ዝም ሲል እንዴት እንደሚያምር የሚያውቅ ያውቀዋል። የመርፌ ድምፅና የሷ ድምፅ ብቻ ነው። ክር መርፌ ቀዳዳ አልገባ ያለው ሰው ቢኖር ዓይኗ ያየዋል፣ ቆም ትላለች፣ ሲገባለት ትቀጥላለች። አንድ ሰው ሳይሰማ እንዲያልፈው አትፈልግም።

እኔ ቆራጭ ነኝ። ጠረጴዛዬ በሩ አጠገብ ነው፤ መቀሴን አስቀምጬ፣ ለነገ የሚቆረጠውን በጠመኔ እያሰመርኩ አዳምጣለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፉን ከረገጥኩ በኋላ ብዙ አልቆየሁበትም። ዛሬ ብዕር የምይዘው ያ ክፍል በጆሮዬ ስላስተማረኝ ነው። መጽሐፎቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴው እየመረጥኩ የማመጣውም እኔ ነበርኩ። እሷ አንድ ሕግ ነበራት፤ ወደፊት ገልጣ አታነብም። «ቀድሜ ካወቅሁት ድምፄ ያሳብቅባችኋል» ትላለች። መጨረሻውን እሷም ከኛ ጋር ነበር የምታውቀው።

አሁን የኑሮዋን ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። የሚከፈለን በሰፋነው ልክ ነው። እያንዳንዱ ሰፊ ቁጥር አለው፤ ልብሱን ሲጨርስ ከአንገትጌው ውስጥ ቁጥሩን በጠመኔ ይጽፍና ክምሩ ላይ ያኖረዋል። ቅዳሜ ካቦው በየክምሩ ቆጥሮ ያስከፍላል። የእትዬ ምዕራፍን ቁጥር ማንም አልሰረዘውም ነበር። በአንዱ ቅዳሜ ከበሩ አጠገብ፣ ድሮ እሷ ታኖር በነበረበት ቦታ፣ የሷ ቁጥር ያለበት ሸሚዝ ተገኘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸሚዙ ክምር ሆነ። ማን እንደጀመረው ሁላችንም እናውቃለን፤ ኮሌታ ነው። ኮሌታ የምንለው አንገትጌ ብቻ የሚሰፋ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሆዱ ግን የልጅ የሆነ ሰውዬ ነው።

ስታውቅ እሳት ለበሰች። «እኔ ለማኝ ነኝ? ማን ስፉልኝ አላችሁ?»

«አንቺማ አይደለሽም» አለ ኮሌታ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «ለማኞቹ እኛ ነን። ትናንት ሰውዬው ሽጉጡን አውጥቶ በር ላይ ቆሞ ሳለ መጽሐፉን አጥፈሽ ወደ ቤትሽ ሄድሽ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ቀጣዩን ለመስማት ልክፈልሽ እንጂ ስለምንሽ ልኑር?»

ሳቀች። ስትስቅ ነገሩ አለቀ። ክምሩ ሥራ ሆነ፣ ማንበቡም ሥራ ሆነ፤ ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም።

ባለቤቱስ? ጋሼ ያውቁ ነበር። እንዴት አያውቁ? እጇን ያያሉ፣ ክምሩን ያያሉ። በየቅዳሜው ከካቦው ጋር በየክምሩ ሲያልፉ ወደሷ ክምር ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ጣሪያ ያቀኑና፣ «ይሄ አምፖል እስካሁን አልተቀየረም እንዴ?» ይላሉ። ካቦውም፣ «እቀይረዋለሁ ጋሼ» ይላል። ከዚያ ያልፋሉ። አምፖሉ ከተቃጠለ ስንት ዘመኑ። ማንም አይቀይረውም፤ የጋሼ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነበረ። እንዲያውም ከሰዓት ከሰዓት ደረጃው ላይ፣ ከበሩ ኋላ ቆመው ሲጋራ እያጨሱ ያዳምጡ ነበር። ያልሰሙት ቃል ሲኖር ያስላሉ። እትዬ ምዕራፍ ሳሉን ስትሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደኋላ ተመልሳ ትደግመዋለች። ይሄን ያህል ነበር የምንግባባው። አንድም ቃል ተነጋግረንበት አናውቅም፤ የኖረውም ስላልተነጋገርንበት ነው።

አንዲት ወጣት ልጅ የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ለማኅበረሰብ ንባብ፣ ለታሪክና ለባህል ትምህርት የድጋፍ ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የመጣችው ካኒቴራ ልታሰፋ ነበር፤ ደረቱ ላይ መፈክር የሚታተምበት። ደረጃው ላይ ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አስቆሟት። ቆመች። በዚያን ጊዜ የያዝነው መጽሐፍ ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ባልሠራው ጥፋት ታስሮ፣ ሚስቱ ሱቁን ከፍታ፣ ምንም ሳታውቅ የሰው ሰዓት እየፈታች ትጠብቀዋለች። ምዕራፉ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች። ዓይኗ እንባ አዝሏል። የውሸት አልነበረም፤ ይሄን ልመስክርላት።

«ይሄን ነገር ማን ነው የጀመረው? ማን ነው የሚደግፋችሁ?» አለች።

«ወንበሩ» አለ ኮሌታ። «እሱ ባይደግፈን ወድቀን ነበር።»

«የምሬን ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ስንፈልግ ነው የምንውለው። ሰው ሠልጥኖ፣ ገንዘብ ተሰጥቶት እንኳ የማይሠራውን ነው እናንተ በራሳችሁ የሠራችሁት። እትዬ፣ ይሄ እኮ መታወቅ አለበት።»

«ታውቆ ምን ይሆናል ልጄ?» አለች እትዬ ምዕራፍ።

«ይደገፋል። አዳዲስ መጽሐፍ ይገዛል። ለእርስዎም አንድ ነገር ይታሰባል።»

ለእርስዎም አንድ ነገር ይታሰባል። ይቺ ቃል ናት የበላችን። እትዬ ምዕራፍ አርጅታለች፤ እኛም ልጅ ስናሳድግ፣ ኪራይ ሲጨመርብን፣ ለሷ ክምር የምናዋጣው ሸሚዝ እየከበደን እንደመጣ ታውቃለች። ማንም አላላትም፤ ግን ታውቃለች። «የኔን ሸክም ከላያችሁ የሚያነሳ ከተገኘ፣ እሰየው» አለችን በዚያው ምሽት ደረጃውን ስንወርድ። ስለዚህ እሺ አልን። የፈለግነው ያንን ብቻ ነበር፤ እሷ ወንበሯ ላይ እንድትቆይ።

ፕሮፖዛሉን ልጅቷ ጻፈችው። እየመጣች ትጠይቀን ነበር። «ተጠቃሚዎቹ እነማን ናቸው?» ትላለች፤ እኛ ዞር ዞር ብለን እንተያያለን። «የፕሮጀክቱ ስም ማን ይባል?» ስትል ኮሌታ፣ «እስከ ዛሬ ሥራ እየሠራን መጽሐፍ የምንሰማ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፕሮጀክት ሆነን ኖረናል። ሚስቴ ብትሰማ ታከብረኝ ነበር» አለ። ስንስቅ አብራ ሳቀች። ደግ ልጅ ናት። አንድ ነገር ግን ደጋግማ አስጠነቀቀችን፤ ማኅበረሰቡ ከራሱ የሚያዋጣው ነገር ከሌለ ገምጋሚዎቹ አያሳልፉትም። የማኅበረሰብ መዋጮ ይሉታል። ከሌላ ቦታ የመጡ ብዙ ድሆች እዚህ ጋ ነው የወደቁት አለችን።

ይሄ ነገር አስጨነቀን። ምን አለን? ወንበሩ የጋሼ ነው፣ ክፍሉ የጋሼ ነው፣ ክሩ የጋሼ ነው። አንዷ «እኔ የቤቴን ምንጣፍ አመጣለሁ» አለች። ኮሌታ ብቻ ነገር እንደያዘ ሰው ፈገግ እያለ ዝም አለ። ዝምታው ሊያስፈራን ይገባ ነበር፤ ያ ሰውዬ ዝም ብሎ አያውቅማ።

ገምጋሚዎቹ በከሰዓት መጡ። ልጅቷ አለች፣ ከሷ ጋር አንዲት የድርጅቱ ትልቅ ሴትና አንድ የሒሳብ ሰው። ጋሼም ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ ካቦው ከኋላቸው። እትዬ ምዕራፍ አነበበች። ለእንግዳ ብላ አላስጌጠችውም፤ ሁልጊዜ እንደምታነበው ነው ያነበበችው። ትልቋ ሴት አገጯን በእጇ ደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ የሒሳቡ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በጣም ጥሩ። የማኅበረሰቡ መዋጮ ምንድን ነው?» አለ።

ኮሌታ ተነሣ። እንደ ሙሽራ ተነሣ ብል ይቀለኛል፤ ሸሚዙን ወደ ሱሪው አስገብቶ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«መዋጯችን ያውና» አለ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ክምር እያሳየ። «እሷ እጇ አይሰፋም። ሁላችን ከሰፋነው እያነሳን የሷን ቁጥር እንጽፍበታለን። ከተጎዳች ጊዜ ጀምሮ አንድ ቅዳሜ አላጎደልንም። ማንም አላዘዘንም። ከዚህ የበለጠ መዋጮ ያለው ካለ ይምጣና ይናገር።»

ስንት ዘመን ያልተነገረው ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነገረ። እኔ መቀሴን አየሁ። ሴቶቹ መርፌያቸውን አዩ። እትዬ ምዕራፍ መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ይቅርታ፣ እንድረዳው ያህል ነው» አለ የሒሳቡ ሰውዬ፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። «ሳትሰፋ እንደሰፋች ሆኖ ይከፈላታል ማለት ነው?»

«እኛ ነን የምንሰፋላት።»

«ገባኝ። ግን የሚቆጠረው በሷ ስም ነው።»

«በቁጥሯ ነው።»

«ባለቤቱ ያውቃሉ?»

ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው አምፖሉን አዩ። የሒሳቡ ሰውዬም አብሮ አምፖሉን አየ፤ ምን እንዳለበት ለማወቅ ዓይኑን አጥብቦ። ከዚያ ተመለሰና ጠበቀ።

«ጌታዬ፣ ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?»

ምን ይበሉ? አውቃለሁ ቢሉ፣ ያልሠራን ሰው እንደሠራ አድርገው ሲያስከፍሉ ኖረዋል፤ ሆስፒታሉ ሥራ የሚሰጣቸው ወረቀታቸው ንጹሕ ነው ተብሎ ነው። አላውቅም ቢሉ፣ እኛ ስናታልላቸው ኖረናል።

«አላውቅም» አሉ።

እትዬ ምዕራፍ ወደ ልጅቷ ዘንበል ብላ፣ «ልጄ፣ ይሄን አትጻፊው» አለቻት በቀስታ።

«እትዬ፣ ካልተጻፈ እኮ አይደገፍም» አለች ልጅቷ። ፊቷ ቀልቶ ነበር። ምን እንደተበላሸ ገና አልገባትም፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ ግን ገብቷታል።

ድጋፉ አለፈ። ስሙኝ፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘነው በመዋጮው ነው አሉን። ከመፈረሙ በፊት ግን መዋጮው እንዲቆም ተጠየቀ፤ ኦዲት ላይ ያስጠይቃል ተባለ። ጋሼ እትዬ ምዕራፍን ጠርተው አነጋገሯት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና መጽሐፏን ከፈተች፤ ያን ቀን ሁለት ጊዜ መስመር ዘለለች። ቅዳሜ በሩ አጠገብ ክምር አልነበረም። ሰኞ ስንገባ አምፖሉ ተቀይሯል። ክፍሉ ደማቅ ሆነ። ሁሉም ነገር ይታያል።

«ግድ የለም፤ አሁን ደመወዝሽን እነሱ ይከፍሉሻል» እያልን አጽናናናት። ልጅቷን ስንጠይቃት ጊዜ ዓይኗን ሰበረች።

«ደመወዝ የሚባል መደብ የለውም» አለች።

«ለምን ለምን ነው ያለው?» አልኳት እኔ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

«ለሥልጠና፣ ለባነር፣ ለመሣሪያ፣ ለሰነድ ዝግጅት።»

«ለአንባቢዋስ?»

«አንባቢ በጎ ፈቃደኛ ነው የሚባለው። እኔ አይደለሁም ደንቡን ያወጣሁት። ለምኜላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው፣ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ አልቅሻለሁ።»

«አታልቅሺ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ምዕራፍ። «ፈቃዴስ በጎ ነበር። አከራያችን ናቸው በጎ ፈቃድ የማያውቁት።»

በኤንቨሎፕ አዋጥተን ሰጠናት። መለሰችው። «ክምሩ ሥራ ነበር፤ ይሄ ምጽዋት ነው» አለች። ኮሌታ አንድ ቅዳሜ ደፍሮ በሷ ቁጥር ሸሚዝ አኖረ። ካቦው አይቶ ጠመኔውን በመዳፉ ጠረገው። «ወንድሜ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። አሁን ሰው ያያል» አለው። ኮሌታ ሸሚዙን አንስቶ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ያ ሰውዬ ከገምጋሚዎቹ ቀን ወዲህ ቀልድ አቁሟል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረጃ ላይ፣ «እኔ እኮ ልኮራባት ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ ደግሞ ዘላቂነት መጣ። ገንዘቡ ሲያልቅ ፕሮጀክቱ በምን ይቀጥላል ተብሎ ተጠየቀ። ሰው ይደክማል፣ ሰው ይታመማል፣ ሰው ይሞታል፤ ሰው ዘላቂ አይደለም። መሣሪያ ግን ዘላቂ ነው። ስለዚህ የእትዬ ምዕራፍ ድምፅ እንዲቀዳ ተወሰነ። ለቀረጻው ቀናት አበል ነበረው፤ ከመደቡ ውስጥ ለሷ ኪስ የሚደርስ የተገኘው እሱ ብቻ ነው፣ ልጅቷ አፈላልጋ። ሄደች። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍተውላት አድማጭ በሌለበት አነበበች። «ምን ይመስላል?» ስላት፣ «ቤቴን ይመስላል፤ የሚሰማሽ የለም» አለችኝ።

የቀረጻው ቀን የሰዓት ሠሪው መጽሐፍ ሳያልቅ አለቀ። ቀሪው በሁለተኛው ዙር ይቀዳል ተባለ፤ ሁለተኛ ዙር አልመጣም። መጽሐፉ ማኅተም ተመትቶበት የፕሮጀክቱ ንብረት ሆነ፤ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። እዚያው ስፌት ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊታችን ይታያል። ሌላ ቅጂ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ ብፈልግ አጣሁ።

ድምፅ ማጉያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እትዬ ምዕራፍም መጀመሪያ ሰሞን ትመጣ ነበር። ግን ምን ልትሠራ? የራሷን ድምፅ ቁጭ ብላ ልታዳምጥ? መምጣቷ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። አሁን ከአንድ ሕንፃ ሥር ቲኬት እየቆረጠች መኪና ታስቆማለች ብለውኛል፤ በግራ እጇ።

እኛስ? ድምፅ ማጉያው በፈለግነው ሰዓት መከፈት ስለሚችል ለከሰዓት ብሎ የእጅ ሥራ ማጠራቀም አላስፈለገም። ጋሼም ሥራ ጨምረው ነበር፤ ማሽኖቹ ጠዋትም ከሰዓትም መነዳት ጀመሩ። ድምፅዋ ከላይ ያነባል፤ ማሽኑ ከሥር ያጓራል። ክር ለሚያስገባ አይጠብቅም፣ ለሚያስነጥስ አይቆምም። ትንሽ ሰንብቶ ሁሉም ማዳመጡን ተወ፤ ማንም ግን አይዘጋውም፤ ያስጠይቃልና። ልጅቷ ልትገመግም መጥታ፣ «ፕሮጀክቱ ምን ለውጥ አመጣላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ማሽኑን ማቆም ነበረብን፣ ጥያቄዋን ለመስማት። ኮሌታ ቀና ብሎ አያት።

«አምፖሉ ተቀየረ» አለ።

ጻፈችው። ከዚያ ብዕሯ ቆመ። «እኔ እኮ የፈለግሁት…» አለች። አልጨረሰችውም። ሄደች። እኔ ልናደድባት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያቺን ልጅ ከደረጃው ሥር ቆማ ዓይኗን በመዳፏ ስትጠርግ ካየሁ በኋላ በማን ልናደድ? በጋሼ? በሒሳቡ ሰውዬ? ሥራውን ነው የሠራው። በኮሌታ? እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ ገንዘብ የምትሰጡ፣ እናንተን ብቻ ነው ያላየኋችሁ፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ድሃ ከድሃ ጋር ተደጋግፎ የቆመበትን ቦታ ስታገኙ መብራት ይዛችሁ አትግቡ። ወይ ሰውየውን ክፈሉት፣ ወይ ደረጃው ላይ ቆማችሁ አዳምጡና ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት በከሰዓት ልብስ ለመቁረጥ ጎንበስ እንዳልኩ ደረጃው ላይ የማውቀውን እርምጃ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ምዕራፍ ናት። የመጣችው ለእህቷ ከረጢት የምትሰፋበት ቁርጥራጭ ጨርቅ ልትለምነኝ ነበር፤ ይሄን በኋላ ነው የነገረችኝ። አልገባችም። ጋሼ ከበሩ ኋላ በድሮ ቦታቸው ሲጋራ ይዘው ቆመው ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ምዕራፍ» አሏት።

«ልሂድ ጋሼ። ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ከውስጥ ድምፅዋ ያነባል፤ የሰዓት ሠሪው ሚስት ጋ ደርሷል።

«እኔ እኮ» አሉ ጋሼ፣ ሲጋራቸውን እያዩ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ እችል ነበር። እናንተ ናችሁ ይዩ ያላችሁኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አሁን እንዴት ልመልሰው?»

«አይመለስም» አለች።

የኮሌታ ማሽን አጓራ፤ ድምፅ ማጉያው የሚለው ተዋጠ። ጋሼ አሳሉ። እንደ ድሮው፣ ያልሰሙት ቃል ሲኖር እንደሚያስሉት። በግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ወደኋላ አልተመለሰም፤ ቀጥሎ ሄደ።

እትዬ ምዕራፍ እዚያው ደረጃው ላይ፣ አጠገባቸው ቆማ፣ ያመለጣቸውን ዓረፍተ ነገር በቃሏ አለችላቸው። «ሴትየዋም ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው።»

«እና ሰማች?» አሉ ጋሼ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እዚያ ሳልደርስ ቀረጻው አለቀ፤ መጽሐፉም ተቆልፎበታል።»

ቁርጥራጩን ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በግራ እጇ ተቀብላ ብብቷ ሥር፣ ድሮ መጽሐፍ ትይዝበት በነበረው ቦታ ሸጎጠችውና ደረጃውን ወረደች። ጋሼ አልወረዱም፣ አልገቡም። ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ሳላቸውን ሰማሁ፤ አንዴ፣ ከዚያም ደግመው። ድምፁ ማንበቡን ቀጠለ።